አንድ በር ያላት ደሴት፦ ሳንቶሪኒ በነሐሴ

መርከቡ ወደቡ ሊደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረው በድምፅ ማጉያ ጠሩን። ሻንጣችንን አንጠልጥለን ጠባቡን ደረጃ ወረድን። ታች ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው። ጨለም ያለ፣ የታፈነ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚል። የጭነት መኪኖቹ ሞተር አስነስተዋል። በመኪኖቹ መሀል ሕዝቡ ሻንጣውን ታቅፎ ቆሟል፤ ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ የብረት ግድግዳ አዙሯል። ሰንሰለት ተንጓጓ። ግድግዳው ከላይ በኩል ቀጭን ብርሃን አሳየና ቀስ እያለ ወደ ውጭ ተጋደመ። ለካ በር ነው። ሠራተኞቹ ያፏጫሉ፣ በእጃቸው «ቶሎ ቶሎ» ይላሉ። እግረኛው፣ ሞተር ሳይክሉና የጭነት መኪናው በአንድ ላይ ግር ብሎ ወጣ።

እህቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ይሄ ነው እንዴ ሳንቶሪኒ?» አለችኝ።

ስልኳ ላይ ለወራት ስታየው የከረመችው የዚህች የግሪክ ደሴት ነጭ ቤትና ሰማያዊ ጉልላት እዚያ የለም። ያለው ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ አቧራ፣ የእንግዳ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዘው የሚጮሁ ሹፌሮች፣ እኛ ስንወርድ ለመሳፈር ፀሐይ ላይ የተሰለፈ ሌላ ሕዝብ። ወደቡ አቲኒዮስ ይባላል። ነጩ ቤት ከራስ በላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ነው።

ከዚያ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት ሐሳብ ቀላል ነው። ደሴት ማለት አንድ በር ያለው ቤት ነው። ሰው፣ ዱቄት፣ ሲሚንቶ፣ ቢራ፣ የሆስፒታል መድኃኒት፣ ሁሉም በዚያ በር ይገባል። ቆሻሻው እንኳ የሚወጣበት ሌላ በር የለም። በነሐሴ የአልጋ ዋጋ ለምን እሳት እንደሚሆን፣ ወረፋው ለምን በአንዳንድ ሰዓት ብቻ እንደሚብስ፣ መርከብ ለምን ደመና በሌለበት ቀን እንደሚሰረዝ፣ ዞሮ ዞሮ መልሱ በሩ ጋ ነው። እርግጥ አውሮፕላን ማረፊያም አለ። እሱን መስኮት በሉት።

መጀመሪያ መሬቷን እንያት። የደሴቷ የግሪክኛ ስም ቲራ ነው። «ሳንቶሪኒ» የሚለው ከቅድስት ኢሪኒ የመጣ፣ በመካከለኛው ዘመን ከምዕራብ አውሮፓ የመጡት ላቲኖች ያወጡት መጠሪያ ነው። ደሴቷ የእሳተ ገሞራ ቅሪት ናት። ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት ተራራው ፈነዳ። ከሆዱ የነበረው ቅልጥ ዓለት ሲወጣ ከላይ ያለው መሬት ድጋፍ አጥቶ ወደ ውስጥ ተደረመሰ፤ ባሕሩ ጎርፎ ሞላው። ይህን ጎድጓዳ ካልዴራ ይሉታል። ዛሬ ከላይ ስትታይ ደሴቷ የጨረቃ ማጭድ ትመስላለች። በውስጥ በኩል አንገት የሚሰብር ገደል፣ በውጭ በኩል ቀስ እያለ ወደ ጥቁር አሸዋ የሚወርድ ሜዳ።

ቅርጿን መረዳት ጥቅም አለው። ሁሉም ሰው በፎቶ የሚያውቃቸው ፊራ፣ ኢሜሮቪግሊና ኢያ ገደሉ አፋፍ ላይ ናቸው። ወደቦቹ ደግሞ ከገደሉ ሥር። ከተማው ጣሪያው ላይ፣ በሩ ምድር ቤት እንደማለት ነው። ደሴቷ 76 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ ነዋሪዋ 15 ሺህ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው እንግዳ ግን 3.4 ሚሊዮን ያህል ነበር። ለአንድ ነዋሪ ከ200 በላይ እንግዳ ማለት ነው። እንግዳው በዓመት ውስጥ እኩል ቢከፋፈል ባልከፋ ነበር። አብዛኛው የሚመጣው ግን እነሱ በጋ፣ እኛ ክረምት በምንለው ጊዜ ነው። አዲስ አበባ በጃንጥላ ስትሄድ ደሴቷ ባለችበት ኤጅያን ባሕር ላይ ለሳምንታት ጠብታ አይወርድም።

አሁን ወደ ወረፋው።

በሳንቶሪኒ ሁለት ዓይነት እንግዳ አለ። አንዱ አልጋ ይዞ የሚያድር ነው። ሌላው ጠዋት በክሩዝ (በሽርሽር) መርከብ መጥቶ ማታ የሚሄድ። ግፊያውን የሚያመጣው በዋናነት ሁለተኛው ነው። ቁጥሩ ከአዳሪው ስለበለጠ አይደለም፤ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ስለሚወርድ እንጂ። ትልልቆቹ መርከቦች ካልዴራው ውስጥ ይቆሙና ተሳፋሪውን በትንንሽ ጀልባ ከፊራ ሥር ወዳለው አሮጌ ወደብ ያመላልሱታል። ከዚያ ወደ ላይ ለመውጣት ምርጫው ሦስት ነው፦ ኬብል ካር (በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ሳጥን)፣ ከ580 በላይ ደረጃ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ወይም በቅሎና አህያ።

ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ኬብል ካሩ ሽቅብ ለመውጣት 3 ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው፤ ግን ሳጥኖቹ ትናንሽ ናቸው። በሰዓት ቢበዛ ሺህ ምናምን ሰው ያነሳል። ሦስት መርከብ በአንድ ጠዋት ሲመጣ ከታች የሚጠብቀው በብዙ ሺህ ነው። ማታ ደግሞ ያው ሕዝብ ለመውረድ ከላይ ይሰለፋል። የፊራን ጠባብ መንገዶች በግራ በቀኝ የሚያጨናንቀው ይህ የምሽቱ ሰልፍ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወረፋውን ጅራት ፍለጋ ሄደን ሦስት መታጠፊያ አለፍን። ጅራቱን ስናገኘው አይስክሬም ቤት በር ላይ ነበር። ባለ አይስክሬሙ ደስተኛ ነው።

ነገሩ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ጫፍ ደረሰ። በአንድ ቀን 11 ሺህ የክሩዝ ተሳፋሪ እንደሚወርድ ሲታወቅ፣ አንድ የአካባቢው ተመራጭ ነዋሪው እንቅስቃሴውን እንዲቀንስ ፌስቡክ ላይ ጻፉ። እንግዳ መጣ ተብሎ ባለቤቱ ከቤቱ እንዳይወጣ ማለት ነው። ሰው ተቆጣ፤ ጽሑፉም ተነሳ። ከ2025 ጀምሮ በቀን የሚወርደው የክሩዝ ተሳፋሪ ከ8,000 እንዳይበልጥ ጣሪያ ተቀምጧል። በዚያው ዓመት ደግሞ ሳንቶሪኒና ሌላዋ ደሴት ሚኮኖስ ላይ በበጋው ወራት የሚወርድ እያንዳንዱ የክሩዝ ተሳፋሪ 20 ዩሮ እንዲከፍል ተደነገገ። በእኔ አስተያየት 20 ዩሮ ማንንም አያስቀርም። ሰው ለቲኬቱ በሺህ የሚቆጠር ከፍሎ በሃያ ዩሮ አይመለስም። ዋናው ለውጥ ጣሪያው ነው፤ ምክንያቱም መርከቦቹ የመምጫ ቀናቸውን እንዲከፋፈሉ ያስገድዳል።

ለአዳሪው እንግዳ ይህ ምን ያደርግለታል? ሰዓት ያስመርጠዋል። መርከቦቹ እንዲህ ባለው ወቅት ከጠዋቱ 2 እና 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው ሰው የሚያወርዱት፤ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ የእናንተ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ኢያ ውስጥ ሄድን። የሚጠርግ ሰው፣ ዳቦ የሚያደርስ ልጅ፣ ሲሚንቶ የጫነች በቅሎ፣ ሦስት ድመት። ሰማያዊው ጉልላት አጠገብ ከእኛ ሌላ የነበረችው የሰርግ ቀሚስ ለብሳ ፎቶ የምትነሳ አንዲት ሙሽራ ብቻ ናት። አስተዋይ ሙሽራ።

ማታ ወደ ኢያ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ሕዝቡ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ አሮጌው ግንብ ላይ ቦታ ይይዛል። በኦገስት አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ስትጠልቅ ሰው ያጨበጭባል። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ የአውቶቡስ ማቆሚያ ይዞራል። ያቺው ፀሐይ ከፒርጎስም፣ ከኢሜሮቪግሊም፣ ከአክሮቲሪ ጫፍም ትጠልቃለች። ወደ ኢያ የምንሄደው ፀሐይዋ እዚያ ስለምትበልጥ አይደለም፤ ሌላው ሰው ስለሄደ ነው።

ስለ አህዮቹ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ደንብ እንስሳው ከ100 ኪሎ በላይ ወይም ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ እንዳይጫን ይከለክላል። ደንቡ ያስፈለገው ምን ይደረግ ስለነበር እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ደረጃ። ጉልበት ያለው በእግሩ ይውረድ፣ በኬብል ካር ይውጣ። እኔ የማውቀው የተሻለ ዘዴ ይሄ ነው።

አውቶቡሱም እንደ ደሴቷ አንድ በር ነው ያለው። መስመሮቹ ሁሉ ፊራ ላይ ይገናኛሉ። ከፔሪሳ ወደ ኢያ ልሂድ ያለ ሰው ፊራ ወርዶ ይቀይራል። ካማሪና ፔሪሳ በካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው፤ መሀላቸው ግን ሜሳ ቩኖ የሚባል ተራራ ስላለ በመኪና ዞሮ መሄድ ግድ ነው። እነዚህ ሁለቱ በውጭኛው በኩል ያሉ የባሕር ዳርቻ ሰፈሮች ናቸው። የካልዴራ እይታ የላቸውም። በዚያው ልክ አልጋቸው ረከስ ይላል። እኛ ፔሪሳ ነው ያደርነው፤ አልጸጸትም። አሸዋው ጥቁር ስለሆነ ቀትር ላይ ምጣድ ነው። እህቴ ጫማዋን አውልቃ አሥር እርምጃ ሄዳ እየዘለለች ተመለሰች።

ስለ ባሕር ዳርቻ ካነሳን፣ ግሪክ ውስጥ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው። ሆቴል የእኔ ነው ብሎ ሊያስወጣችሁ አይችልም። ሆኖም ለዓመታት ጃንጥላና ወንበር የሚያከራዩ ሰዎች አሸዋውን ጠቅልለው ይዘው ነበር። በ2023 በጋ ፓሮስ ደሴት ላይ ነዋሪዎች ፎጣቸውን ይዘው ወጡና «ዳርቻችንን መልሱ» አሉ። እንቅስቃሴው የፎጣው አብዮት እየተባለ ወደ ሌሎች ደሴቶችም ተዛመተ። በ2024 በወጣው ሕግ የሚከራየው ወንበር ከባሕሩ ጠርዝ ቢያንስ 4 ሜትር መራቅ አለበት፤ የዳርቻው ግማሽም ለነፃ ተጠቃሚ ይተዋል። ስለዚህ ፎጣ አንጥፋችሁ ብትቀመጡ መብታችሁ ነው።

የዋጋው ነገር ሰውን ብዙ ስለሚያናግር ትንሽ እንቆይበት።

በሳንቶሪኒ ወንዝ የለም። ዝናቡ ጥቂት ነው፤ እሱም በብርዱ ወራት ነው የሚዘንበው። ድሮ ነዋሪው ጣሪያውን ቅስት አድርጎ ሠርቶ የዝናቡን ውኃ ከቤቱ ሥር ወደ ተቆፈረ ጉድጓድ ያወርደው ነበር። ዛሬ ከቧንቧ የሚመጣው በአብዛኛው ጨው የተለየለት የባሕር ውኃ ነው። ለመታጠቢያ ይሆናል፤ ለመጠጥ ሰው ሁሉ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይገዛል። ያ ጠርሙስ ደግሞ በዚያ የብረት በር ነው የገባው። መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ሲበዛ የውኃው ፍላጎት የት እንደሚደርስ አስቡት። መብራቱም እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013፣ ሰው አፍ እስከ ገደፉ በሞላበት ሳምንት፣ የደሴቷ የኃይል ማመንጫ በቃጠሎ ተጎድቶ ደሴቷ ለቀናት ጨለመች። አሁን በባሕር ሥር በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ከናክሶስ ደሴት ጋር ተያይዛለች።

ይህን ሁሉ ወጪ የሚሸከመው ማን ነው? ደሴቷ የዓመት እንጀራዋን የምትጋግረው በስድስት ሰባት ወር ነው። ከኖቬምበር በኋላ ብዙው ሆቴልና ምግብ ቤት ይዘጋል። ስለዚህ የኦገስት አልጋ የኦገስትን ብቻ ሳይሆን የጃንዋሪንም ኪራይ ይከፍላል። ለገና ላሊበላ ሄዶ አልጋ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ቤት ያለው ሁሉ ለእንግዳ ስለሚያከራይ፣ እዚያ የተመደበ አስተማሪና ሐኪም የሚኖርበት ቤት ያጣል። ለበጋ የሚመጡ አስተናጋጆችና አልጋ አንጣፊዎች በአንድ ክፍል ተፋፍገው ያድራሉ። ቁርስ የምታቀርብላችሁ ልጅ ፊቷ ላይ ድካም ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ኢንተርኔት ላይ የከፈላችሁት የአልጋ ዋጋ መጨረሻው አይደለም። «የአየር ንብረት ቀውስ መቋቋሚያ» የሚሉት ክፍያ አለ። ለሰው ሳይሆን ለክፍል፣ በየሌሊቱ ነው የሚታሰበው። ከ2025 ጀምሮ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ አንድና ሁለት ኮከብ ሆቴል 2 ዩሮ፣ ሦስት ኮከብ 5፣ አራት ኮከብ 10፣ አምስት ኮከብ 15 ዩሮ ነው። በአጭር ጊዜ ኪራይ የሚከራይ አፓርታማ 8 ዩሮ። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሲደረስ ስለሚጠየቅ ብዙ ሰው አጭበረበሩኝ ብሎ ይጣላል። አላጭበረበሩም። ሕጋዊ ነው፤ ደረሰኙን ተቀበሉ።

ደረሰኝ ስል፣ በግሪክ ምግብ ቤቶች አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ ታያላችሁ። ደንበኛው ደረሰኝ ካልተሰጠው የመክፈል ግዴታ የለበትም ይላል። ውብ ሕግ ነው። እኔን ግን አላዳነኝም። ስሙን የማልጠራው አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዓሣ አዘዝኩ። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የሳህን መስሎኝ ነበር፤ የኪሎ ነበር። ዓሣው ደግሞ ጎረምሳ ነው። ደረሰኙ በሥርዓት መጣ፤ እህቴ አይታው ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም። ዓሣ ስታዝዙ ወደ በረዶው ሄዳችሁ አሳዩኝ፣ መዝኑልኝ፣ ስንት ይመጣል በሉ። ማንም አይቀየምም፤ እነሱም እንዲያ ነው የሚገዙት።

አሁን ነፋሱ። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው ክፍል ይሄ ነው።

በጁላይና ኦገስት ኤጅያን ባሕር ላይ ከሰሜን የሚነፍስ ደረቅ ነፋስ አለ፤ ሜልቴሚ ይሉታል። መነሻው እንዲህ ነው። በበጋ የቱርክ ደጋ መሬት በፀሐይ ይግላል። የጋለ አየር ወደ ላይ ሲነሳ ከሥሩ ዝቅተኛ ግፊት ይፈጠራል። በባልካን በኩል ደግሞ ከፍተኛ ግፊት ይቀመጣል። አየር ከበዛበት ወደ ሳሳበት ስለሚሮጥ፣ በሁለቱ መሀል ያለው ኤጅያን መተላለፊያ ኮሪደር ይሆናል። ደሴቶቹ ኮሪደሩ ውስጥ ቆመዋል። ደመና የለም፣ ዝናብ የለም፣ ሰማዩ እንደ መስታወት ነው። ባሕሩ ግን ነጭ በነጭ ሆኖ ይናጣል። ለሙቀቱ መድኃኒት ነው። ለጉዞ ግን ራስ ምታት። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴ ለቀናት ሳያቋርጥ ይነፍሳል።

የነፋሱ ኃይል በቦፎርት መለኪያ 8 ሲደርስ፣ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፣ የወደብ ፖሊስ መርከብ እንዳይወጣ ያግዳል። ፈጣኖቹ መርከቦች ቀለል ስለሚሉ ቀድመው ይቀራሉ። ትልልቆቹና ዘገምተኞቹ የተሻለ ይችሉታል። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ እስከ ሳንቶሪኒ ፈጣኑ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ትልቁ 8 ሰዓት ያህል። ሆዱ የሚገለበጥበት ሰው፣ እንደ እህቴ፣ ስምንት ሰዓቱን ይምረጥ።

መርከብ ሲሰረዝ መብታችሁ ምንድን ነው? የአውሮፓ ኅብረት የባሕር ተሳፋሪዎች ደንብ አለ። ጉዞው ከተሰረዘ ወይም መነሻው ከ90 ደቂቃ በላይ ከዘገየ፣ በሌላ መርከብ መሄድን ወይም የቲኬቱን ገንዘብ መመለስን ትመርጣላችሁ። ምክንያቱ የአየር ጠባይ ከሆነ ግን ካሳም ሆነ የሆቴል ወጪ አይጠየቅም። ገንዘቡ ይመለሳል፤ ያመለጣችሁን አውሮፕላን ግን ማንም አይመልስም። ስለዚህ የመጨረሻዋን ሌሊት አቴንስ አድርጓት። ከደሴት ወርዶ በዚያው ቀን ወደ አገር መብረር በነሐሴ ቁማር ነው። ጎረቤታችን አልጋ ይዘው የነበሩ ባልና ሚስት ቁማሩን ተጫውተው ሲሸነፉ አይቻለሁ።

ስለ ሙቀቱ ብዙ አልልም። ከፊራ ወደ ኢያ በገደሉ አፋፍ የሚሄደው የእግር መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥላ የለውም። በጠዋት ካልሆነ አትጀምሩት። በጁን 2024 በግሪክ ደሴቶች በሙቀት ወቅት ለእግር ጉዞ ወጥተው የሞቱ ጎብኚዎች ነበሩ። ቀትርን ለአክሮቲሪ ተዉት። የእሳተ ገሞራው አመድ የቀበራት ጥንታዊ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ነው በሰፊው የተቆፈረችው። ከላይዋ ትልቅ ጣሪያ አላት። ሁለት ፎቅ ቤት፣ የእህል እንስራ፣ የፍሳሽ ቦይ በጥላ ሥር ታያላችሁ። የሰው አጽም በከተማዋ ውስጥ አለመገኘቱ ነዋሪው ቀድሞ እንደወጣ ያሳያል።

ምድሪቱ ዛሬም አልተኛችም። በ2025 መጀመሪያ፣ በተለይ በፌብሩዋሪ፣ ለሳምንታት ያላቋረጠ መንቀጥቀጥ ነበር፤ ትልቁ 5.3 ደረሰ። ከ10 ሺህ በላይ ሰው ደሴቷን ለቆ ወጣ። በሬክተር ትንሽ የሚመስለው ቁጥር ገደል አፋፍ ላይ ለሚተኛ ሰው ትንሽ አይደለም። ስልካችሁ በ112 (የአደጋ ጊዜ ቁጥር) የማስጠንቀቂያ መልእክት ከጮኸ አታጥፉት፣ አንብቡት። በ2023 ሮድስ ደሴት ላይ ሰደድ እሳት ሲነሳ 19 ሺህ ያህል ሰው እንዲወጣ የተደረገው በዚህ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ጭምር ነው።

ቪዛውን በአጭሩ። አውሮፓ ውስጥ በሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ለግሪክ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ወይም ከለንደን የሚመጣ ግን ያስፈልገዋል። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛው የ15 ቀን የማየት ጊዜ ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ለነሐሴ ያሰበ ሰው ከየካቲትና መጋቢት ይጀምር። እህቴ በግንቦት ብትጀምር ኖሮ ይህን ጽሑፍ ብቻዬን ሄጄ ነበር የምጽፈው።

በመጨረሻ የዐሥራ አምስተኛው ቀን ነገር። ኦገስት 15፣ በእኛ ነሐሴ 9፣ ለግሪኮች የእመቤታችን ዕረፍት በዓል ነው። ከፋሲካ ቀጥሎ ትልቁ በዓላቸው ይሄ ነው። አቴንስ ባዶ ትሆናለች፤ ሰው ሁሉ ወደ ትውልድ ደሴቱ ይሄዳል። የመርከብ ቲኬት የሚያልቀው በቱሪስቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ቲኖስ ደሴት ላይ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በጉልበታቸው እየዳሁ የሚወጡ ምእመናን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1940 በዚያው ዕለት ቲኖስ ወደብ ላይ የቆመችውን ኤሊ የተባለች የግሪክ የጦር መርከብ የጣልያን ሰርጓጅ መርከብ መትቶ አሰጠማት። ጣልያን ያኔ እኛም ጋ ነበረች። ከበዓሉ በፊት ያሉትን 14 ቀናት ግሪኮቹ ይጾማሉ። የእኛ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ስለሚገባ ሁለቱ ጾሞች ለአንድ ሳምንት ያህል ይገጣጠማሉ።

እህቴ ፍልሰታን አትሽርም። ምን ልትበላ ነው ብዬ ተጨንቄ ነበር። ለካ «ኒስቲሲሞ» የምትለዋ ቃል ብቻ ትበቃለች፤ የጾም ማለት ነው። አስተናጋጇ ገና ስትሰማት ፈገግ አለች፣ ሜኑውን ዘጋችው፣ ከራሷ ጠቆመችን። አንድ መጠንቀቂያ ብቻ፣ እነሱ በጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይበላሉ። ያንን መለየት የእናንተ ፋንታ ነው።

የመጣው ፋቫ ነው። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ከላዩ ጥሬ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ያለበት። ስሙ በእንግሊዝኛ የባቄላ ቢመስልም ባቄላ አይደለም። የሳንቶሪኒ ፋቫ የሚሠራው ከጓያ የቅርብ ዘመድ ነው። አክሮቲሪ ውስጥ ሳይቀር ቅሪቱ ተገኝቷል። ዝናብ ሳይፈልግ፣ ከሌሊቱ ጤዛና ከእሳተ ገሞራው አፈር እርጥበት እየቀዳ ያድጋል። የወይኑም ዘዴ ያው ነው። ገበሬው ሐረጉን መሬት ላይ እንደ መሶብ ጠምዝዞ ፍሬውን ከውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ነፋሱ እንዳይቆርጠው። ጓያ ሲባል የሚደነግጥ ሰው አይደንግጥ። ጓያ ሽባ የሚያደርገው ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት እሱ ብቻ ሲበላ ነው።

እህቴ አንድ ጉርሻ ቀመሰች። ዳቦውን ወደ ጎን አድርጋ በማንኪያ ገባችበት። «ወፍራም ሽሮ ናት» አለች፣ «በርበሬ ብቻ ነው የረሱት።» በማግስቱ ጠዋት ከፒርጎስ ሱቅ ሁለት ኪሎ ገዝታ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች። የዚያን ቀን ነፋሱ 7 ነበር። መርከባችን ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መጣ።